የድንጋዩ ማማ ሸኚ

በሉ ተጠጉ። መብራቱ ሲመጣ ይመጣል፤ ደጅ ደጁን ብታዩት አይፈጥንም። ያቺን ፋኖስ ወደ መሃል አድርጓት። ያመጣት ሰው እጁ ይባረክ፤ ከእናንተ የስልክ መብራት በስንት ጣዕሟ። የስልክ መብራት ዓይን ይወጋል፣ ያውም እንደኔ ሞራ የለበሰ ዓይን። ትርንጎ፣ ሕፃኑን ከፋኖሷ ራቅ አድርጊው። ማስረሻ፣ አንተ ደግሞ ደረጃው ላይ አትጋደም፤ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ በዚህ ነው የሚወጣው፣ ሰው ይረግጥሃል።

«ተረት ተረት» አልላችሁም። «የላም በረት» ብላችሁ ልትስቁብኝ ነው። እኔ የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ደንቡ አንድ ነው። እኔ ዝም ስል እናንተ «ከዚያስ?» ትላላችሁ። ካላላችሁ አልቀጥልም፣ ተነሥቼ እሄዳለሁ። እስኪ ልሞክራችሁ።

አንድ ሰው ነበር።

ወይ ዝምታ! «ከዚያስ?» በሉ እንጂ! አዎ፣ እንደሱ።

አንድ ሰው ነበር። ወንድይፍራው ይባላል። ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው፤ ወንድ ሁሉ ይፍራው ብለው። እሱ ግን ድመት ስታስነጥስ ይደነግጣል። አትሳቁ! ፈሪ መሆን ነውር አይደለም፤ የጀግና እናት ናት የምታለቅሰው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። ድንጋይ ጠርበው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው ቤት ያቆማሉ። መንደራቸውን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ አሉ፣ ይቀየሙኛል። ልጁም የአባቱ ልጅ ነውና ድንጋይ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል። ሐብሐብ የሚገዛ ሰው አይታችኋል? እንደዚያ።

የግንበኛ ልጅ ባሕር ላይ ምን ወሰደው አትሉኝም? እንጀራ ነዋ! አሰብ ወርዶ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት ይቀባል፣ ይፈታል፣ ያስራል። ሲወጣ ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

እጮኛ ነበረችው። ቆንጆ ነበረች። ማን ነገረሽ አትበሉኝ። ቆንጆ ነበረች አልኩ፣ አለቀ። አባቷ ግን ኃይለኛ ሰው ናቸው። ሠርጉ አንድ ጊዜ ቀን ተቆርጦለት፣ ድንኳን ተተክሎ፣ በሬ ታርዶ፣ ሙሽራው ባሕር ላይ ቀረ። መርከቡ መንገድ ላይ ተበላሽቶ። ሰው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ሙሽራ የለም! ሴቶቹ እየተጎሻሸሙ ሳቁ። ልጅቷ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። አባትየው ምን አሉ? «ለዳግማይ ትንሣኤ ደግሜ ድንኳን እተክላለሁ። ያን ቀን ካልመጣ ልጄን ለባለ ወፍጮው ለሽፈራው እሰጣለሁ። በተተከለው ድንኳን፣ በተጠመቀው ጠላ!» አሉ። ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ዱቄት ከቅንድቡ አይጠፋም። ሲያስል ዱቄት ይወጣዋል። ልጅቷ በሠርጌ ቀን ዱቄት ለብሶ ሊመጣ ነው እያለች ታለቅስ ነበር።

ይህን ያዙልኝ። ወንድይፍራው መርከቡ ካመለጠው ልጅቷም አመለጠችው። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያስ? ጎሽ።

መርከቡ ሰሊጥ ጭኖ ጃፓን ደረሰ። ትንሽ ወደብ ናት። ከምድሩ ወደ ባሕሩ የገባ የድንጋይ መንገድ አለ፤ ማዕበል እንዲሰብር የተሠራ ነው። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው። ግራው ባሕር፣ ቀኙ ባሕር። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። መርከቡ የቆመው ከመንገዱ መነሻ ነው። በመንገዱ ጫፍ ደግሞ የድንጋይ ማማ አለ። ድሮ ድሮ፣ ኤሌክትሪክ ሳይኖር፣ አናቱ ላይ ዘይት እያበሩ ለመርከብ መንገድ የሚያሳዩበት ማማ። ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ጠበብ የሚል፣ አናቱ ላይ የድንጋይ ባርኔጣ የደፋ። ወንድይፍራው ከመርከቡ ላይ ሆኖ አየው። አለቀለት!

«ጓንጉል፣ ያንን ድንጋይ ሳልነካ አልሄድም» አለ።

ጓንጉል የመርከቡ ወጥ ሠሪ ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ እዚያ ወደብ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። «ሂድና ንካ» አለው። «ግን መርከቡ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ባሕሩ ሲሞላ ነው የሚወጣው፣ ሰው አይጠብቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስ።»

«ከመሸብኝስ?»

ጓንጉል ቢላዋውን አስቀመጠ። «ከመሸብህ የሚሸኝህ ሰው ይመጣል» አለ።

«ማን?»

«የድሮው የማማው ጠባቂ። ሽማግሌ ናቸው። ፋኖስ ይዘው ይመጣሉ። ከሞቱ ቆይተዋል።»

ወንድይፍራው ሳቀ። ጓንጉል አልሳቀም።

«ክፉ አያውቁም፣ አትፍራ» አለው። «በሕይወት ሳሉ አንድ እንግዳ ማማውን ሊያይ መጥቶ መሸበት። ዝናብ ነበር። ብርድ ነበር። ‹ቅርብ ነው፣ ሂድ› ብለው ሳይሸኙት ቀሩ። ሰውየው በጨለማ ከድንጋዩ ተንሸራተተና ባሕር በላው። እሳቸውም በጸጸት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ማማው ጋ የመሸበትን ሰው ሁሉ እስከ ደጁ ይሸኛሉ። አንተ ግን ስማኝ። መርከቡ ሥር ስትደርስ አንዴ እጅ ነስተህ ውጣ። ዞር ብለህ አትይ። አታናግራቸው። የአገሩ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። እጅ ነሣህ፣ ወጣህ፣ አለቀ።»

«እሺ» አለ ወንድይፍራው። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

ሄደ። ደረሰ። ማማውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ወይ ድንጋይ! ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፣ ሲሚንቶ የለው። ድንጋይ ከድንጋይ ተጣብቆ ምላጭ አያስገባም። «አባዬ ይህን ቢያይ» አለ። ዞረው። ደግሞ ዞረው። ሰዓቱን አየ፤ ገና አሥር ሰዓት ነው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ አለኝ» ብሎ ተረጋግቶ ተቀመጠ።

ምን እንደተሳሳተ ገባችሁ? ማስረሻ፣ የተማርከው አንተ ነህ፣ እስኪ ንገረን። አልገባህም! እኛ አገር ፀሐይ ጨዋ ናት። በጋ ሆነ ክረምት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትገባለች። እሱም ፀሐይ የትም አንድ ናት ብሎ ነው። የጃፓን ፀሐይ ግን በብርድ ወራት ሰዓት አታከብርም። አሥር ተኩል ሲሆን ብድግ ብላ ሄደች! ወንድይፍራው ቀና ሲል የለችም። ባሕሩ ጠቆረ። ካፊያ መጣ። መንገዱ ጠፋ። የገዛ እጁ አልታይ አለው።

አሁን ዝም በሉ። ትርንጎ፣ ሕፃኑ ተኛ? ይተኛ።

ወንድይፍራው ማማውን ተደግፎ ቆመ። ውኃው ከግራ ቿ ይላል፣ ከቀኝ ቿ ይላል። ታዲያ ምን አየ መሰላችሁ? ከማማው ጀርባ ትንሽ ብርሃን። ብርሃን ብቻ። የያዘው ሰው የለም። ዓይኑን አሸ። ብርሃኑ ቀረበ። ከዚያ ድምፅ ሰማ። ቋ… ቋ… ቋ። የእንጨት ጫማ ነው። ከዚያ የዝናብ ልብስ አየ። ምን ዓይነት ልብስ? ገሳ! የእኛ ገበሬ ክረምት የሚለብሰው ገሳ፣ ከሣር የተሠራው! ወንድይፍራው ደስ አለው። «የአገሬ ሰው!» ብሎ ሊያቅፍ ሄደ። ገሳው ውስጥ ፊት ነበር። የሽማግሌ ፊት፣ የተሸበሸበ፣ ዓይኑ ትንሽ ትንሽ። ፈገግ አሉለት። የአገሩ ሰው አይደሉም።

«እንደምን አመሹ አባቴ» አለ። በአማርኛ። ምን ያድርግ? እሳቸውም በጃፓንኛ መለሱለት። በእጃቸው መንገዱን አሳዩትና ፋኖሱን ከፍ አደረጉ። ሄዱ። ቋ… ቋ… ቋ። ወንድይፍራው «ይኼ ጓንጉል ውሸታም ነው፤ ደህና ሰው አይደሉ እንዴ» እያለ በደስታ ይከተላል። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ፋኖሱ ዝቅ አለ። ወንድይፍራው ወደ ታች አየ። ጫማው ይራመዳል። ቋ… ቋ… እግር የለም።

እግር የለም አልኩ እኮ! ጫማው አለ፣ ገሳው አለ፣ በመሃሉ ባዶ ነው!

በስመ አብ! እሱ እንዴት እንዳልጮኸ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወዴት ይሩጥ? ግራው ባሕር፣ ቀኙ ባሕር። ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ሽማግሌው ፋኖሱን የያዙበት እጅ ይንቀጠቀጣል። እርጅና ነው፤ የሞተ ሰውም ያረጃል ማለት ነው። ወንድይፍራው ደግሞ አስተዳደጉ አለቀቀውም። ወጣት ባዶ እጁን ሲሄድ ሽማግሌ ሸክም ይይዛል? ያየ ሰው ምን ይላል? «ልያዝልዎ አባቴ» አለና ፋኖሱን ተቀበላቸው። ትንሽ ፋኖስ ናት፣ አራት ማዕዘን፣ ከብረት የተሠራች። እጀታዋ ቀጭን ቀለበት።

መርከቡ ሥር ደረሱ። ጓንጉል ከላይ ቆሟል፤ «አንዴ እጅ ንሣና ውጣ!» ይላል በሹክሹክታ። ወንድይፍራው ፋኖሱን መለሰላቸው። እጅ ነሣ። አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ። ጥሩ ነው? ጥሩ ነው። አሁን ይውጣ አይደል? ምን ያደርጋል! ዞር አለ።

ሽማግሌው ብቻቸውን ሊመለሱ ነው። በዚያ ካፊያ፣ በዚያ ቀጭን መንገድ። ያውም እግር ሳይኖራቸው!

«አባቴ! በዚህ ጨለማ ብቻዎን? አይደረግም! ትንሽ ልመልስዎ!»

ጓንጉል ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ተው አንተ! ኧረ ተው!» ማን ይስማው? ወንድይፍራው ፋኖሱን ተቀብሎ ሽማግሌውን ይዞ ወደ ማማው ሄደ። እስከ በራቸው አደረሳቸው። እሳቸው ምን ሆኑ መሰላችሁ? አለቀሱ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰውን ሁሉ ሲሸኙ፣ እሳቸውን የሸኘ ሰው የለም። አንድም ሰው! ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። እሱም ጎንበስ አለ። እሳቸው ይበልጥ ጎንበስ አሉ። እሱስ ከማን ያንሳል? ይበልጥ ጎንበስ። ግንባራቸው ከግንባሩ ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው። ከዚያ ወንድይፍራው «በሉ ደህና ይደሩ» ብሎ ሲዞር ከኋላው ምን ሰማ?

ቋ… ቋ… ቋ።

የሸኛቸውን ሰው ብቻውን ሊሰዱት ነው? አይደረግም! መልሰው ሸኙት። መርከቡ ሥር ደረሱ። ወንድይፍራው «እዚህ ይበቃል፣ ይመለሱ» አለ። እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ። የእንጨቱም ጫማ መወጣጫው ላይ ወጣ። ቋ!

ጓንጉል ከላይ ጮኸ። «እሳቸውን ይዘህ አትወጣም! መርከብ ላይ ከወጡ ማን ይመልሳቸዋል? አሰብ ድረስ ሊሸኙህ ነው?» መርከበኛው ሁሉ ተነሥቶ የመርከቡ አጥር ላይ ተደረደረ። ማማተቡ፣ መጮኹ! አንዱ በባልዲ ውኃ ልርጭ አለ። ጓንጉል በማማሰያ መታው።

ታዲያ ወንድይፍራው ምን ያድርግ? መለሳቸው። እሳቸው ሸኙት። መለሳቸው። እሳቸው ሸኙት። እናንተም ታውቁታላችሁ እኮ! ጎረቤት ስንሸኝ በር ላይ ግማሽ ቀን እንቆም የለ? «በቃ ተመለሺ»፣ «ትንሽ ልሂድ»፣ «በሞቴ ተመለሺ»፣ «እስከ ማዕዘኑ»… እንደዚያ ነው። ልዩነቱ አንደኛው መሞቱ ነው። ወንድይፍራው እግሩ ሊወልቅ ደረሰ። ሽማግሌው ደግሞ እግር የላቸው፣ ምን ይደክማቸዋል? እንዲያውም እየተመላለሱ ወጣት ሆኑ። መንገድ ላይ ማንጎራጎር ሁሉ ጀመሩ።

ሰማዩ ነጣ አለ። መርከቡ «ቡ…ም» ብሎ ጮኸ። መነሻው ደርሷል። ጓንጉል ከሩቅ ይጣራል። «ሙሽራው! ኧረ ባለ ወፍጮው ሊያገባት ነው! ኧረ ዱቄቱ!»

ወንድይፍራው ማማው በር ላይ ቆሞ ነበር። እዚያ ነው ያለቀሰው። ፈርቶ አይደለም። ልጅቷ ታየችው። ድንኳኑ ታየው። ቢሮጥ እሳቸው ይከተሉታል፤ ከእሳቸው ጋር ማንም አያወጣውም። ቢቀር መርከቡ ይሄዳል። ሽማግሌውን ይሳደብ? አስቀይሞ ይሩጥ? ቢሳደብስ ምን አለበት ትሉ ይሆናል፤ እሱ ግን አልሆነለትም። ሸኘኝ ብሎ ያለቀሰ ሽማግሌ እንዴት ይሰደባል?

ያኔ አባቱ ትዝ አሉት። ግንበኛው አባቱ አንድ ወዳጅ ነበሯቸው፣ ወንዝ ማዶ። ሁለቱም ሸኚዎች ናቸው፤ ሲሸኛኙ ይነጋል። ሚስቶቻቸው ተማረሩ። በመጨረሻ አባትየው ምን አደረጉ? ከሁለቱ ቤት መሃል መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ ተከሉ። እዚያ ሲደርሱ ሁለቱም እኩል ይቆማሉ፣ እኩል እጅ ይነሳሳሉ፣ እኩል ይዞራሉ። ማንም ማንንም ደጁ አላደረሰ፣ ማንም ማንንም ብቻውን አልሰደደ። እኩሌታ ነዋ!

ወንድይፍራው ፋኖሱን በክንዱ እንዳንጠለጠለ ከማማው ሥር አንድ ድንጋይ አንሥቶ ተሸከመ። ሽማግሌው ገረማቸው። መንገዱ መሃል ሲደርስ ድንጋዩን አስቀመጠው። የግንበኛ ልጅ አይደል፣ እንዳይነቃነቅ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ድንጋዩን መታ መታ አደረገ። ወደ መርከቡ ጠቆመ፣ «እኔ»። ወደ ማማው ጠቆመ፣ «እርስዎ»። ሽማግሌው ድንጋዩን አዩ። እሱን አዩ። ገባቸው። ሳቁ! ጥርስ አልነበራቸውም። ሁለቱም እኩል እጅ ነሱ። ሁለቱም እኩል ዞሩ።

ሩጥ! አሁን ሩጥ! መወጣጫው እየተነሣ ነው። ጓንጉል በአንድ እጁ መወጣጫውን ይዞ በሌላው እጁ ካፒቴኑን ይለምናል። ወንድይፍራው ዘለለ። አንድ ነገር ከብረቱ ጋር ቃ! ብሎ ተጋጨ። ጓንጉል አንገትጌውን ይዞ ጎተተው። ወጣ። ተረፈ። እሰይ!

እሰይ በሉ እንጂ።

ወንድይፍራው ተንጋሎ ተኝቶ ሲተነፍስ ጓንጉል አጎንብሶ አየው። «እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለው።

ፋኖሱ። ሽማግሌውን ሲመልስ የተቀበላቸው ፋኖስ፣ እየነደደ። መመለሱን ረስቶታል! የእጀታው ቀለበት ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ተሰብሯል። ተነሥቶ ወደ ኋላ አየ። ሽማግሌው ድንጋዩ ጋ ቆመዋል፣ ያለ ብርሃን። «አባቴ! ፋኖስዎ!» ብሎ ጮኸ። መርከቡ ርቋል። እሳቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ደህና ግባ ይሁን፣ እመጣለሁ ይሁን፣ ማን ያውቃል?

ጓንጉል ግን «ፋኖሳቸውን ፍለጋ መምጣታቸው አይቀርም» አለ።

ወንድይፍራው፣ ያ ድመት የሚያስደነግጠው ሰው፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይምጡ። እንግዳዬ ናቸው። እሸኛቸዋለሁ» አለ። የተሰበረውን እጀታ ከሞተር ክፍል ባመጣው የመዳብ ሽቦ ጠመጠመው። ፋኖሷ ዘይት ሳይጨመርባት አሰብ ድረስ ነደደች።

ከዚያስ? ከዚያማ መርከቡ በየወደቡ ሲያራግፍና ሲጭን ወራት ፈጀ፤ ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ድንኳኑ ተተከለ። መሸ። ሙሽራው የለም። ሽፈራው ፊቱን ታጥቦ፣ አዲስ ኮት ለብሶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሴቶቹ መጎሻሸም ጀመሩ። እኔ ጓዳ ውስጥ…

ምን ያስቃል? አዎ፣ እኔ! ማን መሰለቻችሁ? ቆንጆ ነበረች አላልኳችሁም? እኔ አልጋነሽ ጓዳ ውስጥ ሆኜ በስንጥቁ አያለሁ። ከዳገቱ ሥር ትንሽ ብርሃን መጣ። ቀረበ፣ ቀረበ። አቧራ የለበሰ መርከበኛ ነው፣ ፋኖስ ይዞ። ባሌ! ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ፋኖሷ እፍ ሳይሏት ጠፋች። ከዚያ ቀን በኋላ አልነደደችም።

አርባ ዓመት ገደማ አብረን ኖርን። እንግዳ መጥቶ ብቻውን ሄዶ አያውቅም። እስከ ታክሲው ይሸኛል። ታክሲ ከሌለ እስከ ሰውየው ቤት ይሸኛል። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እናደዳለሁ፣ «እግርህ ይሰበር!» እለዋለሁ። ሲሸኝ ደግሞ ሁሌ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ከኋላው ያዳምጣል። «መጡ እንዴ?» እለው ነበር። «ገና» ይለኛል።

ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ፋኖሷን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌባታለሁ። ቁልፉ ይኸው፣ አንገቴ ላይ።

ካረፈ ወዲህ ማን ይሸኘኛል? እናገራለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ? ይከፋኛል። የዕድሩ ስብሰባ ሲያልቅ «ደህና እደሪ እትዬ» ብላችሁ እብስ! እኔ ግድግዳ እየዳበስኩ አራተኛ ፎቅ ብቻዬን እወጣለሁ። ቅርብ ነው ትላላችሁ። ያ እንግዳም ቅርብ ነው ተብሎ ነው ባሕር የበላው።

ማስረሻ፣ አንገትህን አትድፋ። አንተማ ዛሬ ክሰኸኛል። መብራቱ ሲጠፋ በሬ ላይ ቆሜ «ኧረ ማን አለ?» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ትንሽ ቆይቶ ብርሃን መጣልኝ። አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ይጠብቀኛል። በዚህ ዓይኔ ፊትህን የት አየዋለሁ? «ማስረሻ ነው፣ ይባረክ» አልኩ። ኮቴህ ቋ ቋ ሲል ግን «ይኼ ልጅ ደግሞ ምን ዓይነት ነጠላ ጫማ ገዛ» ብዬ ነበር። እዚህ ስንደርስ ይቺን ፋኖስ መሬት ላይ አስቀመጥክልኝ።

ምን? አንተ አይደለህም? ተው አትቀልድ።

ትርንጎ፣ አንቺ ነሽ? ታዲያ ፋኖሷን ማን አመጣት? እዚህ ስትመጡ ነበረች? ሁላችሁም ሌላ ሰው ያመጣት መስሏችሁ ነው የተቀመጣችሁት?

ማስረሻ፣ አንተ ቅርብ ነህ። እጀታዋን እያት እስኪ። አትፍራ፣ አትናከስም። እያት።

ምን አለ እጀታዋ ላይ?

የመዳብ ሽቦ?

ለምን ዝም አላችሁ? «ከዚያስ?» በሉኝ እንጂ።

በሉ ተነሡ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም፣ ዳቦው ይቅርብኝ፤ ሁላችሁም እስከ አራተኛ ፎቅ ሸኙኝ። ፋኖሷን እኔ እይዛለሁ፣ አደራ ናት። ትርንጎ እጄን ያዢኝ። ማስረሻ፣ አንተ ከኋላ ሁን። ማንም ብቻውን አይቅር።

ስትመለሱስ? ስትመለሱ እኔ በዚህ ጉልበቴ ልሸኛችሁ አልችልም። ግን አትስጉ። ደረጃውን ስትወርዱ ከፊታችሁ ቋ ቋ ሲል ከሰማችሁ ዝም ብላችሁ ተከተሉት። በራችሁ ላይ አንዴ እጅ ንሱና ግቡ። አደራ ማስረሻ፣ ልበ ቡቡ ነህ፣ አውቅሃለሁ፤ እንዳትዞርና «ልመልስዎ» እንዳትላቸው።